ጠብመንጃና ፊደል፤ የአንድ እግረኛ ወታደር ኑሮ

የእርስ በርስ ጦርነት የአንድ አገር ሰዎች ተከፋፍለው የሚዋጉት ጦርነት ነው። ተኳሹም ተተኳሹም የአንድ አገር ልጅ ነው፤ አንዳንዴም የአንድ እናት ልጅ። ይህ መከራ በአገራችንም ደርሷል፤ ታሪኩን ከየቤቱ ሽማግሌ መስማት ይቻላል። ዛሬ የምናነበው ግን ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ስለ ጄኔራሎቹ ብዙ ተጽፏል፣ ሐውልትም ቆሞላቸዋል። እኛ የምናየው ጠብመንጃውን በትከሻው፣ ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ በእግሩ የሄደውን ተራ ወታደር ነው።

ጦርነቱ በ1861 ተጀምሮ በ1865 አበቃ። በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አገር ጊዜው አፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ነበር።

ጠቡ በምን ተነሣ? በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕዝብ 31 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 4 ሚሊዮን የሚጠጋው በባርነት የተያዘ ጥቁር ሕዝብ ነው። እነዚህ ሰዎች አባቶቻቸው ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የሄዱ ናቸው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ጥጥ ይዘራሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ይለቅማሉ። ምርቱ ግን የጌታው ነው። ልጃቸውም የጌታው ነው፤ ሲፈልግ እንደ ከብት ይሸጠዋል። በ1860 መጨረሻ ላይ ባርነት ወደ አዳዲስ መሬቶች እንዳይስፋፋ የሚፈልገው አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በዚህ ጊዜ 11 የደቡብ ክፍላተ አገር አንድ በአንድ ተገንጥለው የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ። አንዳንድ ሰዎች ጠቡ የቀረጥ ነው፣ የሥልጣን ነው ይላሉ። ነገር ግን እንደ ሚሲሲፒ ያሉት ክፍላተ አገር ሲገነጠሉ ባወጡት መግለጫ ምክንያታቸው ባርነት መሆኑን በራሳቸው እጅ ጽፈው አስቀምጠዋል። ስለዚህ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ማን ዘመተ?

ለሰሜን ከ2 ሚሊዮን በላይ፣ ለደቡብ ከ700,000 በላይ ሰው ዘመተ። ከሰሜኑ ወታደር ግማሽ ያህሉ ገበሬ ነበር፤ ከደቡቡ ደግሞ ከግማሽ በላይ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በፈቃዱ ነበር የሚመዘገበው። ጦርነቱ በጥቂት ወር ያልቃል፣ ለመኸሩ እንደርሳለን ብለው የሄዱ ብዙ ናቸው። ሊንከን መጀመሪያ የጠራቸው 75,000 ሰዎች ለሦስት ወር ብቻ ነበር የተጠሩት። ጦርነቱ ግን አራት ዓመት ፈጀ።

መቶ ያህል ሰው አንድ ሻምበል ይሆናል። አሥር ሻምበል ተሰብስቦ ሬጅመንት ይባላል፤ ይህም አንድ ሺህ ሰው ማለት ነው። አንድ ሻምበል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወረዳ የወጡ ሰዎች ስብስብ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም፣ አማች ከአማች ጎን ለጎን ይሰለፋል። ይህ ጥሩም መጥፎም ነገር አለው። የሚያውቁህ ሰዎች እያዩህ መሸሽ ያሳፍራል፤ ብትቆስልም የሚያነሣህ አታጣም። ግን ያ ሻምበል በአንድ ቀን ውጊያ ክፉ ከተመታ፣ ልቅሶው በአንድ ቀን ወደ አንድ ቀበሌ ይገባል።

ፈቃደኛው ሲያንስ ግዴታ መጣ። ደቡብ በ1862 ዕድሜው ከ18 እስከ 35 የሆነ ነጭ ወንድ ሁሉ እንዲዘምት አዘዘ። በዚያው ዓመት ግን 20 ባሮች ያሉበት እርሻ አንድ ነጭ ሰው ከዘመቻ እንዲያስቀር ተፈቀደ። ሰሜንም በ1863 ከ20 እስከ 45 ዓመት ያሉትን በዕጣ መመልመል ጀመረ። ነገር ግን ዕጣ የወጣበት ሰው 300 ዶላር ከከፈለ ወይም ምትክ ሰው ከገዛ ይቀራል። አሁን እርሳስና ደብተር አንሡና ይህን ሒሳብ ሥሩ። የተራ ወታደር ደመወዝ በወር 13 ዶላር ነበር። 300 ዶላር የስንት ወር ደመወዝ ነው? ሃያ ሦስት ወር ሙሉ ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም 299 ዶላር ነው የሚሆነው፤ አንድ ዶላር ይጎድለዋል። ታዲያ በሁለቱም ወገን ድሆች፣ ጦርነቱ የሀብታም፣ ውጊያው የድሃ ነው ብለው ቢያጉረመርሙ ምን ይገርማል? በ1863 በኒውዮርክ ከተማ ምልመላውን በመቃወም ትልቅ ረብሻ ተነሣ። ረብሸኞቹ ግን ቁጣቸውን ሕጉን ባወጡት ላይ ብቻ አላቆሙም፤ ምንም ባላደረጉ ጥቁሮች ላይ አወረዱት፣ ገደሏቸውም።

ጠብመንጃውና ጥርሱ

አንድ ሰው ሲመለመል ሐኪሙ አፉን ከፍቶ የፊት ጥርሱን ያያል። የፊት ጥርስ የሌለው እግረኛ ወታደር መሆን አይችልም። ለምን? የዚያን ጊዜ ጠብመንጃ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ነበር። ባሩዱና እርሳሱ በወረቀት ይጠቀለላል። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቦጭቆ ባሩዱን በአፈ ሙዙ ያፈሳል። እርሳሱን ያስከትላል፤ በብረት ዘንግ እስከ ታች ድረስ ይጠቀጥቃል። ዘንጉን ወደ ቦታው ይመልሳል። ከመምቻው ሥር ትንሽ የመዳብ ቆብ ያኖራል። ከዚያ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል። በደንብ የሠለጠነ ሰው በአንድ ደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይተኩስ ነበር። ተኝቶ ማጉረስ ስለሚያስቸግር ቆሞ ነው የሚያጎርሰው፤ ያውም ከፊት ለፊቱ ሌላ የቆመ መስመር እየተኮሰበት።

ይህን ሁሉ በጭስና በጩኸት መካከል አስቡት። በ1863 በጌቲስበርግ ለሦስት ቀን በተደረገው ውጊያ ከሁለቱም ወገን ወደ 50,000 ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ። ከውጊያው በኋላ ከሜዳው ከ27,000 በላይ ጠብመንጃ ተለቀመ። አብዛኛው እንደጎረሰ ነበር። ብዙው ሁለት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ጥይት ተደራርቦበት ተገኘ። ወታደሩ የመዳቧን ቆብ ማኖር ረስቶ፣ ጠብመንጃው የተኮሰ እየመሰለው ደጋግሞ ያጎርስ ነበር ማለት ነው። ምናልባትም አንዳንዱ ሰው መግደል አቅቶት ይሆናል። ሰው ሲፈራ እጁ የለመደውን ብቻ ይሠራል፤ መኮንኖቹም ጠዋት ማታ ልምምድ የሚያስደርጉት ለዚህ ነበር።

የዚያ ጥይት እርሳስ ለስላሳና ትልቅ ነበር። አጥንት ሲመታ ይፈጨዋል። ስለዚህ እጁን ወይም እግሩን የተመታ ብዙ ሰው ተቆረጠ። ማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። ያልነበረው እጅን መታጠብና ቢላውን መቀቀል ነው። ሐኪሙ በአንድ ቢላ ከአንዱ ቁስለኛ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር።

ከጥይት የከፋው ጠላት

የሰሜኑ ወታደር ዋና ስንቅ ከዱቄትና ከውሃ ብቻ የተሠራ ደረቅ ብስኩት ነበር፤ የእኛ ወታደሮች ኮቾሮ የሚሉት ዓይነት። በጥርስ አይሰበርም። በሰደፍ ይቀጠቅጡታል ወይም ቡና ውስጥ ይዘፍዝፉታል። ነቀዝ ያለበት ከሆነ ነቀዙ ከቡናው ላይ ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ ገፍተው ይጠጡታል። ከዚያ ሌላ በጨው የተቀመመ የአሳማ ሥጋና ባቄላ አለ። ቡና ግን አይቀርም። ቡና ሳይጠጣ ሥራ የማይሆንለት የአገራችን ሰው ይህ ይገባዋል። የደቡቡ ወታደር ስንቅ የበቆሎ ቂጣ ነበር። ወደቦቹ በሰሜን መርከቦች ስለተዘጉ ቡና አጣ፤ የዛፍ ፍሬና ሥር ቆልቶ ይጠጣ ነበር። ትንባሆ ግን ሞልቶታል። ስለዚህ መኮንኖቹ ሳያዩ የሁለቱ ወገን ጠባቂዎች ወንዝ ዳር እየተገናኙ ትንባሆና ቡና ይለዋወጡ ነበር። በማግሥቱ ይተኳኮሳሉ።

አሁን ደግሞ በጥሞና አንብቡ። በዚህ ጦርነት ከሞቱት ከሦስቱ ሁለቱን የገደለው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው። ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ኩፍኝ። በኩፍኝ የበለጠ የተጎዱት የገበሬ ልጆች ናቸው። የከተማው ልጅ በሕፃንነቱ ታሞ ድኖ ነበር። ከገጠር የመጣው ግን ከሰው ርቆ ስላደገ በሽታውን አያውቀውም፤ ሺህ ሰው ከታጨቀበት ሰፈር ሲገባ ወዲያው ያዘው። ብዙ ልጆች አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ሞቱ።

ተቅማጡስ ከየት መጣ? ከሰፈሩ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃው በላይ ይቆፈራል፤ ወይም አይቆፈርም። ዝናብ ሲዘንብ ቆሻሻው ታጥቦ ሰዎቹ ከሚጠጡት ምንጭ ይገባል። በሽታ በዓይን በማይታይ ተሕዋስ እንደሚመጣ የዚያን ጊዜ የጦር ሐኪሞች አያውቁም ነበር። ወታደሩ ሳያውቀው ከሚያደርጋቸው ነገሮች ጤናማው አንዱ ቡና ማፍላት ነበር፤ ምክንያቱም ውሃው ይፈላል። ዛሬ ምክንያቱ ታውቋል። ከምንጭ በላይ የሚጸዳዳ ሰው ካለ ከዚያ ጦር ሰፈር ምን ይለያል?

ፊደል በጦር ሰፈር

ወታደሩ ከውጊያ ይልቅ በሰፈር ተቀምጦ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ከሚሠራው ዋናው ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ላሟ ወለደች ወይ? የትኛው ማሳ በቆሎ ይዘራበት? ዕዳውን ለማን ከፈላችሁ? አሳማው ከመሸጡ በፊት ይወፍር። እንዲህ እያለ ከሩቅ ሆኖ እርሻውን ያዝ ነበር። መጻፍ የማይችለው ጓደኛውን ለምኖ ያስጽፋል፤ የመጣለትንም ያስነብባል። የሚስቱን ምሥጢር ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብለት ይሰማል። ደመወዝ ሲቀበልም በስሙ ፋንታ የመስቀል ምልክት ያደርጋል፤ በወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ግን አያውቅም።

ፊደል ከሁሉ ይበልጥ የተጠሙት ግን ጥቁሮቹ ወታደሮች ነበሩ። ሊንከን በጥር 1863 በተገነጠሉት ክፍላተ አገር ያሉት ባሮች ነፃ መሆናቸውን አወጀ፤ ጥቁሮችም በሠራዊቱ መመዝገብ ጀመሩ። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ 180,000 ያህል ጥቁሮች ለሰሜን ዘመቱ። አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ናቸው። በደቡብ በብዙ ቦታ ባሪያን ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ጌቶቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ማንበብ የሚችል ባሪያ የይለፍ ወረቀት ራሱ ጽፎ ይጠፋል።

ሱዚ ኪንግ ቴይለር በ1848 በጆርጂያ በባርነት ተወለደች። ልጅ ሳለች ሳቫና በምትባል ከተማ ወደ አንዲት ነፃ ጥቁር ሴት ቤት በምሥጢር እየሄደች ፊደል ቆጠረች። መጻሕፍቱን ፖሊስም ነጮችም እንዳያዩባት በወረቀት ጠቅልላ ነበር የምትይዘው። በ1862፣ ገና 14 ዓመት ሳይሞላት፣ ከዘመዶቿ ጋር ወደ ሰሜን ጦር አመለጠች። ኋላ የጥቁሮች ሬጅመንት ሲቋቋም አብራ ሄደች። ስሟ የተመዘገበው በአጣቢነት ነው። ነገር ግን ቁስለኛ ታስታምማለች፣ ጠብመንጃ ታጸዳለች፣ ወታደሮቹ ከሥራ ሲያርፉም ማንበብና መጻፍ ታስተምራቸዋለች። ጢም ያወጣ ሰው በልጅ እግር ሴት ፊት ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር አላፈረም። ለአራት ዓመት ያህል ያለ ደመወዝ እንዳገለገለች ራሷ በ1902 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋለች።

ጥቁሩ ወታደር ግን በደመወዝም ተበደለ። ነጩ 13 ዶላር ሲከፈለው ለእሱ 10 ዶላር ተቆረጠለት፤ ከዚያም ላይ ለልብስ 3 ዶላር ይቀነሳል። በእጁ የሚገባው 7 ዶላር ነው። ሥራው እኩል፣ ጥይቱ እኩል ነበር። እንዲያውም ከተማረከ ወደ ባርነት ሊመለስ ወይም እዚያው ሊገደል ይችላል። ከማሳቹሴትስ የዘመተው 54ኛው ሬጅመንት እኩል ካልተከፈለን አንድ ሳንቲም አንቀበልም ብሎ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ያለ ደመወዝ ተዋጋ። ክፍለ አገራቸው ልዩነቱን እኔ ልሙላ ቢላቸውም እምቢ አሉ። ዊልያም ዎከር የሚባል ሳጂን በሌላ ሬጅመንት ያሉ ጓዶቹን ይዞ መሣሪያቸውን ከአዛዡ ድንኳን ፊት አስቀመጡ። ይህ እንደ ዓመፅ ተቆጥሮ በ1864 መጀመሪያ በጥይት ተደበደበ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ዓመት ሕጉ ተለወጠና ደመወዙ እኩል ሆነ። ዎከር የሞተለትን ነገር ሳያይ ቀረ።

ስም በኮት ላይ

ዛሬ ወታደር በአንገቱ የሚያንጠለጥለው የመታወቂያ ብረት በዚያን ጊዜ አልተሰጠም። የሞተ ሰው የሚያውቀው ጓደኛ ካጠገቡ ከሌለ ማንነቱ ይጠፋል። በ1864 በኮልድ ሃርበር የሰሜን ወታደሮች በማግሥቱ ምሽግ ላይ እንደሚላኩ ባወቁ ጊዜ፣ ማታ ኮታቸውን አውልቀው ይሰፉ እንደነበር በሥፍራው የነበረ አንድ መኮንን ኋላ ጽፏል። የተቀደደ ልብስ የሚጠግኑ መስሎት ጠጋ ብሎ ሲያይ፣ ስማቸውንና የቤታቸውን አድራሻ በወረቀት እየጻፉ ከኮታቸው ጀርባ ላይ እየሰፉ ነበር። ሬሳችን ሲገኝ ለቤተ ሰቦቻችን እንዲነገር ብለው ነው። እንዲያም ሆኖ በብሔራዊ መቃብሮች ከተቀበሩት የሰሜን ወታደሮች ወደ ግማሽ የሚጠጋው ስሙ አልታወቀም።

ከዚህ የተለየ አንድ ቦታ አለ። በጆርጂያ አንደርሰንቪል የሚባል የደቡብ የምርኮኞች እስር ቤት ነበር። በ14 ወር ውስጥ 45,000 ያህል ሰው ገባበት፤ ከዚያ ውስጥ 13,000 የሚጠጋው በረኀብና በበሽታ አለቀ። ቤት አልነበረም፤ በግንድ የታጠረ ሜዳ ብቻ ነበር። በመካከሉ የሚያልፈው ትንሽ ወንዝ መጠጫም መጸዳጃም ሆነ። ሰሜንም ቢሆን ኤልማይራ በሚባለው እስር ቤቱ ወደ 3,000 የሚጠጉ የደቡብ ምርኮኞች ሞተውበታል። በአንደርሰንቪል ዶረንስ አትዎተር የሚባል ወጣት ምርኮኛ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ጥሩ ስለነበር የሟቾችን ስም በመዝገብ እንዲጽፍ ታዘዘ። እሱም አሳሪዎቹ ሳያዩት ሁለተኛ ዝርዝር ለራሱ ገለበጠ፤ ሲወጣም ደብቆ ይዞት ወጣ። በ1865 ክረምት ከክላራ ባርተን ጋር ተመልሶ ሄዶ በየመቃብሩ ላይ የየሟቹን ስም አስተከሉ። ከ13,000 ያህሉ ስሙ ሳይታወቅ የቀረው 460 ሰው ብቻ ነው። ይገርማል፣ ኋላ ዝርዝሩ የማን ነው በሚል ክርክር አትዎተር ራሱ በመንግሥቱ ታስሯል።

ስለ ከዱትም መናገር ያስፈልጋል። ከሰሜን ወደ 200,000፣ ከደቡብ ወደ 100,000 የሚሆን ወታደር ከድቷል። ሁሉም ፈሪ ነበር ማለት ትክክል አይደለም። የደቡብ መንግሥት በ1863 ከገበሬው ምርት ከአሥር አንዱን እንደ አሥራት መሰብሰብ ጀመረ፤ ፈረሱንና በቅሎውንም ለጦሩ ይወስድ ነበር። አራሹ ዘምቷል፣ ከብቱ ተወስዷል፣ ልጆች ተርበዋል። እንዲህ የሚል ደብዳቤ ከሚስቱ የደረሰው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳንዱ ዘርቶ ተመልሷል። አንዳንዱ ተይዞ በጓዶቹ ፊት ተረሽኗል።

ከጦርነቱ በኋላ

በሚያዝያ 1865 የደቡቡ ዋና አዛዥ ሮበርት ሊ ለሰሜኑ አዛዥ ለዩሊሰስ ግራንት እጁን ሰጠ። የደቡቡ ወታደሮች መሣሪያቸውን አስረክበው እንዲሄዱ ተፈቀደ፤ ፈረስና በቅሎ ያለው ለእርሻ ይሁነው ተብሎ ይዞ ሄደ። የሞተው ሰው ብዛት ሲቆጠር ከ600,000 በላይ ሆነ፤ የሕዝብ ቆጠራውን እንደገና ያጠኑ ምሁራን ደግሞ ወደ 700,000 ወይም ከዚያም በላይ ያደርሱታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባርነት በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ቀረ።

ጥቁሩ ወታደር ግን ነፃነት እንጂ መሬት አላገኘም። በ1865 መጀመሪያ ጄኔራል ሸርማን በባሕር ዳር ያለውን የባለ ባሪያዎች መሬት ለቤተ ሰብ እስከ 40 ኤከር፣ ማለት 16 ሄክታር፣ እንዲታደል አዝዞ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ሊንከንን የተካው ፕሬዚዳንት አብዛኛውን ለቀድሞ ባለቤቶቹ አስመለሰው። ስለዚህ ለነፃነቱ የተዋጋው ሰው ተመልሶ በቀድሞ ጌታው መሬት ላይ የእኩል አራሽ ሆነ። ይህን ነገር ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንዳንድ መኮንኖች ደግሞ ከጦርነት ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው የግብፁ ገዥ ኢስማኤል ፓሻ ቀጠራቸው። ከሰሜንም ከደቡብም የተዋጉ ነበሩ። በመጋቢት 1876 የግብፅ ጦር ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ሲሸነፍ ከእነዚህ አሜሪካውያን አንዱ፣ የደቡቡ ጄኔራል የነበረው ዊልያም ሎሪንግ፣ ከተሸናፊዎቹ ጋር ነበር።

ለተራው ወታደር የቀረው ጡረታ ነው። በ1862 የወጣው ሕግ ፈጽሞ መሥራት ለተሳነው ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ለሟች ሚስትም እንዲሁ። ግን ወረቀት ያስፈልጋል። የስንብት ወረቀት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት። በባርነት የተጋቡ ሰዎች ጋብቻቸው በየትም አልተመዘገበም፤ ስለዚህ የጥቁር ወታደር ሚስት ባሌ ነበር ለማለት ምስክር ስትፈልግ ዓመታት ይፈጅባት ነበር። የደቡብ ወታደር ደግሞ ከማዕከላዊው መንግሥት ጡረታ አልነበረውም።

አንድ ሰው ግን ነበር፤ በመጀመሪያ ለደቡብ ዘመተ፣ ከዚያ ከዳ፣ በ1864 ለሰሜን ተመዘገበ። ከሰሜን ጦር የተሰጠውን የስንብት ወረቀት ይዞ ጡረታ ወጣ። ካረጀ በኋላ አግብቶ በ1930 ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ ታማሚ ስለነበረች የአባቷ ጡረታ ለእሷ ተላለፈ። እስከ ሞተችበት እስከ 2020 ድረስ፣ በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይከፈላት ነበር።